ብቅል ለምን እኩል ያጎነቁላል?

ለጠላ የሚሆን ብቅል ሲያበቅሉ ገብሱን ይዘፈዝፋሉ፣ ውሃውን ያጠሉና በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው ያስቀምጡታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲገልጡት ጎንቆሉ ብቅ ብቅ ብሎ፣ ፍሬው እርስ በርሱ ተያይዞ ያገኙታል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፍሬ የነቃው በአንድ ጊዜ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ብቅል ባልኖረ። ገብስ ሲያጎነቁል ውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራሉ። ያላጎነቆለ ፍሬ ይህን አያደርግም፤ ብዙ ያደገው ደግሞ ስኳሩን ራሱ ይበላዋል። ደረቅ ብቅል ቢያኝኩ የሚያገኙት ጣፈጥ ያለ ጣዕም ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ እኩልነት ገብስ ለማዳ ሲሆን ያገኘው ጠባይ ነው። እስቲ ይሞክሩት። ያልተቆላና ያልተፈተገ 20 ፍሬ ገብስ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድረው ይክደኑት። በሌላ ሳህን ከአጥር ጥግ የለቀሙትን 20 የዱር ሣር ፍሬ ያድርጉ፤ ከገብስ ማሳ የዱር ሲናር ካገኙ ደግሞ ይበልጣል። ከሦስት ቀን በኋላ ይቁጠሩ። ገብሱ አብዛኛው አጎንቁሏል። ከዱሩ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂቱ ይነቃል፣ ሌላው ዝም ይላል።

ዝም ያለው አልሞተም፤ ተኝቷል። በመጀመሪያው ካፊያ ሁሉም በቅሎ ዝናቡ ቢቋረጥ ዘሩ ያልቃላ! ስለዚህ የዱር ተክል፣ ልጆቹን ሁሉ በአንድ መኪና እንደማያሳፍር አባት፣ ፍሬዎቹን በየተራ ይልካቸዋል። የዱር ሲናር አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊተኛ ይችላል፤ ገበሬው አርሞ አርሞ የማይጨርሰውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ገብስን ከእንቅልፉ ማን ቀሰቀሰው? ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች የዱር ገብስ መዝራት ጀመሩ። የሚያጭዱት በዚያው ወቅት የበቀለውን ብቻ ነበር። የተኛው አፈር ውስጥ ቀረ፤ ጎተራ አልገባም፣ ለከርሞ ዘርም አልሆነም። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ማንም ይህን ልምረጥ ብሎ ሳያስብ፣ መዝራትና ማጨዱ ራሱ መረጠ።

ዛላውም እንዲሁ ነው። የዱር ገብስ ሲደርስ ዛላው ተሰባብሮ ፍሬውን ያራግፋል። አልፎ አልፎ ግን ዛላው የማይሰበር ተክል ይወለዳል። ዱር ውስጥ ቢቀር ዘሩን መበተን ያቅተዋል፤ ማጭድ ይዞ የመጣ ሰው እጅ ላይ የሚቀረው ግን እሱ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት ይህን የሚወስኑት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጂኖች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከሁለቱ አንዱ መሥራት ካቆመ ዛላው አይሰበርም።

እንቅልፉ ጨርሶ አልጠፋም። አዲስ የታጨደ ገብስ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያንቀላፋ ወዲያው ለብቅል ቢዘፈዝፉት በደንብ አያጎነቁልም። ይህች ጥቂት እንቅልፍ ትጠቅማለች፤ እሷም የሌለችው ገብስ በመከር ዝናብ ካገኘው ገና ዛላው ላይ ሳለ ያጎነቁላል።

የዱሩን ሳህን ታዲያ ቶሎ አይድፉት። ጨርቁን እያረጠቡ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጨምሩለት፤ ዘግይተው የሚነቁ ሊኖሩ ይችላሉ። የተረፈውን ግን ጓሮ እንዳይጥሉት፤ ለሚቀጥለው ክረምት አረም ይሆንብዎታል።