ላሽ፦ ጠጉር ቢረግፍም ሥሩ አልሞተም

በራስ፣ በጢም ወይም በቅንድብ ላይ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ድንገት ሲታይ ሰው ብዙ ይላል። አንዱ የጠጉር አስተካካዩን ምላጭ ይወቅሳል፤ ሌላው የሌሊት ወፍ ሽንት ነው ይላል፤ ሦስተኛው መተት ወይም እርግማን ነው ብሎ ያስፈራራል። የላሽ ምክንያት ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

ነጭ የደም ሕዋሳት ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው። በላሽ ጊዜ እነዚሁ ዘበኞች የገዛ ሰውነታቸውን የጠጉር ሥር እንደ ጠላት ቆጥረው ይከቡታል። በዚህ ጊዜ ሥሩ ጠጉር ማብቀሉን ያቆማል፤ ነገር ግን አይሞትም። ጠጉሩ ተመልሶ ሊበቅል የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ይህ ስሕተት የሚነሣበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ። ሁለተኛ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም ወይም ለምጽ ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ብርቱ ሐሳብና ድንጋጤም በአንዳንዶች ላይ ሊቀሰቅሰው ይችላል ይባላል። ከ100 ሰዎች 2 ያህሉ በዕድሜያቸው ውስጥ ያገኛቸዋል።

ላሽን ከቆረቆር መለየት ይገባል። የላሽ ቦታ ልሙጥ ነው፤ ቅርፊት የለውም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ቆረቆር ግን ይቀረፋል፣ ያሳክካል፣ ጠጉሩን ይሰባብራል፤ በልጆች መካከልም ይተላለፋል፤ የሚዋጥ መድኃኒትም ያስፈልገዋል። ሹሩባ አጥብቆ ከመሠራት የሚመጣው መመለጥ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ይጀምራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነጭ ሽንኩርት ወይም የሚያቃጥል ነገር መቀባት ቆዳን ያቆስላልና ይቅር። በድሬዳዋ ያለ ሰው በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ካስፈለገም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ የቆዳ ሐኪም ይላካል። ቦታው ትንሽ ከሆነ ጠጉሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ሕክምና ይመለሳል፤ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ቢበቅል አያስደንግጥ። ሐኪሙም ቅባት ወይም በቦታው ላይ የሚወጋ መርፌ ሊያዝ ይችላል። ለጠናባቸው አዋቂዎች ባሪሲቲኒብ የተባለ እንክብል በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ሆኖም የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። ከዳነ በኋላ ሊመለስ እንደሚችልም ማወቅ ይበጃል።

ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ላሽ ያለበት ልጅ ከትምህርትም ከጨዋታም አይከልከል። የተገለጠው የራስ ቆዳ በድሬዳዋ ፀሐይ እንዳይቃጠል ቆብ ወይም ሻሽ ያድርግ፤ ማንም ግን አስገድዶ አያስወልቀው። ጠጉሩ እስኪመለስ ድረስ የሚጎዳው ከሕመሙ ይልቅ የሰው ዓይንና አፍ ነው፤ እርሱን ማስቆም ደግሞ በእጃችን ነው።