የሜልበርን በረንዳና ዱባው፦ የሚባለውና እውነታው

ጥቅምት በገባ ቁጥር በየስልኩ የሚዞሩት ፎቶዎች ተመሳሳይ ናቸው፤ የረገፈ ቅጠል፣ የታሰረ ጭድ፣ በደረጃው ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደረ ብርቱካናማ ዱባ። አብዛኞቹ የተነሡት ሰሜን አሜሪካ ነው። በሜልበርን ፉትስክሬይ ወይም ሰንሻይን የሚኖር ቤተሰብ ያንን አይቶ የራሱን በረንዳ ለማሳመር ሲነሣ፣ ከፎቶው ጋር ብዙ ያልተጣራ ምክርም አብሮ ይደርሰዋል። አንዳንዱ ምክር ያለአግባብ ገንዘብ ያስወጣል፣ አንዳንዱ ዱባውን ቶሎ ያበሰብሳል፣ አንዱ ደግሞ ለሕፃን ሕይወት አደገኛ ነው።

“የዱባ ጌጥ ወቅቱ ጥቅምት ነው”

ለቦስተን ትክክል ነው፤ ለሜልበርን ግን ተገላቢጦሹ ነው። በአውስትራሊያ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ከማርች 1 እስከ ሜይ 31 ይቆጠራል። ኦክቶበር 31 ቀን ሃሎዊን ሲከበር ከተማዋ በአበባ ላይ ነች። በቪክቶሪያ ዱባ የሚዘራው ውርጩ ካለፈ በኋላ በዚያው በኦክቶበር አካባቢ ሲሆን፣ ሰብሉ የሚሰበሰበው ከበጋው መጨረሻ አንሥቶ እስከ ሜይ ድረስ ነው። ስለዚህ በሃሎዊን ሰሞን የሚሸጠው ዱባ ወይ በመጋዘን የቆየ ነው፣ ወይ ከሞቃታማው የአገሪቱ ክፍል የመጣ ነው።

ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ፋሲካ በዚህ ዘመን ከኤፕሪል 4 ቀድሞ ወይም ከሜይ 8 አልፎ አይውልም። ይህም ማለት ዐቢይ ጾም ዱባው ገበያ ላይ በሚበዛበት ወቅት ይጾማል ማለት ነው። ዱባ ወጥ ለመሥራት መገዛቱ ላይቀር፣ አስቀድሞ ገዝቶ ጥቂት ሳምንት በረንዳ ላይ ማስቀመጥና ከዚያ ማብሰል አንድ ሳንቲም አይጨምርም። በፉትስክሬይ ገበያም ሆነ ከ1878 ጀምሮ በሚሠራው በኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ፣ መዝጊያው ሲቃረብ የአትክልት ሻጮች ዋጋ ዝቅ አድርገው ይጣራሉ። ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ሰው የሚሄድበት ሰዓት ያ ነው።

“ብርቱካናማ ካልሆነ አያምርም”

ይህ የልማድ ጉዳይ ነው። አየርላንዳውያን ቀድሞ ለሃሎዊን ፊት ይቀርጹበት የነበረው ዱባ ሳይሆን መሬት ውስጥ የሚያድግ ሥር ነበር፤ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ በኋላ ነው ትልቁንና ለስላሳውን ዱባ ያገኙት። ለመቅረጽ የሚሸጠው ብርቱካናማ ዱባ ባብዛኛው ውሃ የበዛበትና ጣዕሙ የሳሳ ነው። በሜልበርን ገበያ ያሉት የመብል ዱባዎች ግን ለዓይንም ይበልጣሉ፤ ኩዊንስላንድ ብሉና ጃራዴል ግራጫ ሰማያዊ ልጣጭ አላቸው፣ ጃፕ ወይም ከንት የሚባለው ደግሞ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ጠብ ጠብ ያለበት ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሌላ ጌጥ አይፈልጉም።

“ቀለም ቀብቶ፣ ኋላ ልጦ መብላት ይቻላል”

አይቻልም። የሥዕልና የግድግዳ ቀለም ለምግብ አልተሠራም፣ ቢላዋው ሲገባም ቀለሙን ወደ ሥጋው ይዞ ይገባል። የተቀባ ዱባ ከምግብነት ወጥቷል፤ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የምግብ ትርፍራፊ በሚሰበስቡበት ባለ አረንጓዴ ክዳን ቢን ውስጥም መጣል የለበትም። ሊበላ የታሰበ ዱባ በጥብጣብ ወይም ካረጀ ቀሚስ በተቆረጠ ጥለት ቢታሰር በቂ ነው።

መቅረጽም ዕድሜውን ያሳጥራል። የተቀረጸ ዱባ ከጥቂት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ያልተነካ፣ በደንብ የበሰለና አናቱ ላይ ያለው ግንድ ያልተገነጠለ ዱባ ግን ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ሁለት ሦስት ወር ይከርማል። ቫዝሊን መቀባት ያቆየዋል የሚባለው አያስተማምንም፤ እርጥበቱን ቢይዝም ሻጋታውን አይገድልም። የሚጠቅመው ቀላል ነገር ነው። ዱባው በግንዱ ተንጠልጥሎ አይነሣም፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፣ ከሥሩ ጣውላ ወይም ካርቶን ይደረግለታል። ማታ ማታ ፖሰምና አይጥ ስለሚጎበኙት ሌሊቱን ወደ ቤት ማስገባት ይሻላል።

“ከወረቀት የሚሠራው ርካሽ ስለሆነ ይመረጣል”

ርካሽነቱ እውነት ነው። የተነፋ ፊኛ በክር ስድስት ቦታ ይታሰርና የዱባ ቅርጽ ይይዛል፤ በላዩ የተቀደደ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል። ችግሩ የሜልበርን ሰማይ ነው። ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ዝናብ በሚሆንበት ከተማ የዱቄት ሙጫ ይሻግታል። ተራው ነጭ የእንጨት ሙጫ ደግሞ ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲያገኘው ይለሰልሳል። ሙጫው ላይ ጨው መጨመር ሻጋታውን ያዘገየዋል፤ እያንዳንዱ ድርብርብ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ለውጭ የተሠራ ቫርኒሽ ካልተቀባ ግን በረንዳ ላይ አይበረክትም። ቫርኒሹ ሲገዛ ርካሽነቱም ይቀንሳል።

ወረቀቱን ትቶ ከነጭ ፎም የተሠራ ዱባ ላይ በቀጥታ ስፕሬይ የሚረጭ ሰው ዱባው ዓይኑ እያየ ሲቀልጥ ያያል፤ በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ይበላዋል። መጀመሪያ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም መቀባት አለበት። በቪክቶሪያ ሕግ ስፕሬይ ቀለም ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥም ክልክል ነው።

“ለጨርቅ ዱባ ልዩ ዕቃ መግዛት ያስፈልጋል”

ከሁሉም የሚበልጠው የጨርቅ ዱባ ነው፣ የሚፈልገውም ነገር ባብዛኛው ቤት ውስጥ አለ። ያረጀ ሹራብ፣ የተቀደደ ነጠላ፣ ያጠረ የልጅ ሱሪ ይበቃል፤ ከጠፋም ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ኦፕ ሾፕ ውስጥ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ጨርቁ በክብ ይቆረጣል፤ የክቡ ስፋት ከሚፈለገው ዱባ ስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ መሆን አለበት። ዙሪያው በጠንካራ ክር ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋል፣ መሃሉ ይሞላል፣ ክሩ ተስቦ አፉ ይቋጠራል። ከዚያ በረጅም መርፌ ክሩን ከታች በመሃል እያወጡ በጎን በኩል እያዞሩ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ጠበቅ ማድረግ ነው። የዱባው ሸንተረር የሚወጣው ያኔ ነው፣ ዱባ የሚያስመስለውም እሱ ነው።

ለመሙያ ጥጥ መግዛት አያስፈልግም። በየሱፐርማርኬቱ ለስላሳ ፕላስቲክ ይሰበስብ የነበረው ሬድሳይክል በኖቬምበር 2022 ሥራ ካቆመ በኋላ ብዙ ቤት ውስጥ የዳቦና የሩዝ ላስቲክ ተከማችቶ ነበር። ታጥቦ የደረቀ ላስቲክ ለበረንዳ ዱባ ከጥጥ ይሻላል፣ ዝናብ ቢያገኘው አይሻግትምና። ነፋስ እንዳይወስደው ከሥሩ አንድ ጠጠር በካልሲ ተጠቅልሎ ይግባ። ባቄላ ወይም ሩዝ የሚመክሩ አሉ፤ አይጥ መጥራት ነው። ግንዱ ከባሕር ዛፍ ጭራሮ ይሠራል፣ እሱም በሜልበርን መንገድ ዳር ወድቆ የሚገኝ ነው።

“ሻማ ከሌለበት የባትሪ መብራት ምንም አያደርግም”

በጨርቅና በወረቀት ዱባ ውስጥ ሻማ አለማብራት ትክክል ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ትናንሽ የባትሪ ሻማዎች የሚሠሩት በቁልፍ መሰል ክብ ባትሪ ነው። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል። አውስትራሊያ ከጁን 22 ቀን 2022 ጀምሮ አስገዳጅ ደንብ አውጥታ የባትሪው ቤት በልጅ እጅ በቀላሉ እንዳይከፈት ደንግጋለች። በብሎን የማይታሰር ክዳን ያለው መብራት ቤት ውስጥ መግባት የለበትም። ሕፃን ባትሪ ውጧል ተብሎ ከተጠረጠረ፣ ምልክት ባይታይም፣ ወዲያውኑ በ13 11 26 የመርዝ መረጃ ማዕከል መደወል ነው፤ መተንፈስ ካስቸገረው 000።

“ደረቅ ቅል ጌጥ እንጂ ተክል ስላልሆነ ከአገር ቤት ይዞ መምጣት አያስጠይቅም”

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ሁለቱ በእርግጥም የአንድ ቤተሰብ የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ዱባ ከአሜሪካ አህጉር የወጣ ሲሆን ቅል መነሻው አፍሪካ ነው። ወተት የተናጠበት ቅልና ውሃ የተጠጣበት አንኮላ ከየትኛውም የፋብሪካ ጌጥ በላይ የሜልበርንን በረንዳ ያደምቃሉ፣ ለዓመታትም አይበላሹም። ግን ለአውስትራሊያ የድንበር ቁጥጥር ደረቅ ቅል የተክል ውጤት ነው፤ ውስጡ ፍሬ የቀረበት ደግሞ የበለጠ ያሳስባቸዋል። መንገደኛው በመግቢያ ካርዱ ላይ ማስመዝገብ አለበት። ያላስመዘገበ ከባድ የገንዘብ መቀጫ ይጠብቀዋል፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰውም ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል። ያስመዘገበ ሰው ግን አይቀጣም፤ ከአገር ቤት ሲነሣ ፍሬውን አራግፎ፣ ውስጡን ፍቆና አጽድቶ፣ ደረቅ አድርጎ መያዝ ደግሞ ምርመራውን የማለፍ ዕድሉን ያሰፋለታል።