መሐንዲስ የሚሻው የረጲ ተራራ

የምህንድስና ተማሪ የመመረቂያው ዓመት እየተቃረበ ሲሄድ አእምሮውን ሰቅዞ የሚይዘው «ሥራ የት አገኛለሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት በጋዜጣ ገጾችና በ4 ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ብቻ ነው። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ጥቂት፣ ተሰላፊው ግን ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ገልብጠን «መሐንዲስ የሚፈልግ ችግር የት አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ለምሳሌነት የመረጥነውም በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውንና ነዋሪው «ቆሼ» እያለ የሚጠራውን የረጲ የቆሻሻ ክምር ነው።

ከከተማ ዳር ወደ ከተማ መካከል

ረጲ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ መድፊያ ሆኖ ማገልገል የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ስፍራው ከከተማዋ ወጣ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማዋ በዘነበ ወርቅና በአየር ጤና አቅጣጫ እየሰፋች ሄዳ መድፊያውን አልፋው ሄደች። ክምሩም ከቀለበት መንገዱ አጠገብ፣ በመኖሪያ ሰፈሮች ተከቦ ቀረ። ስፋቱ ከ30 ሄክታር በላይ የሆነው ይህ ስፍራ ሲጀመር በምህንድስና የተነደፈ አልነበረም። ከሥሩ ፍሳሽ የሚይዝ ንጣፍ፣ ጋዝ የሚያስወጣ ቧንቧ፣ ቆሻሻውን በየዕለቱ በአፈር የመሸፈን ልማድም አልነበረውም።

ከተማዋ ረጲን ለመተካት ያደረገችው ሙከራ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ በሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ምክንያት በዚያው ዓመት አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ መኪኖቹም ወደ ረጲ ተመለሱ። ንድፉ በወረቀት ላይ የተሟላ ቢሆንም እንኳ ከጎኑ የሚኖረው ሰው ያልተቀበለው ግንባታ ሥራውን ሊሠራ እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ክምር ለምን ይናዳል?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ የረጲ ክምር በከፊል ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃም የ3 ቀን ሐዘን ታወጀ።

እንዲህ ያለው አደጋ በረጲ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፊሊፒንስ ፓያታስ በ2000 እ.ኤ.አ.፣ በኢንዶኔዥያ ሌዊጋጃ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካም በኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በሚገኘው ኪቴዚ በ2024 እ.ኤ.አ. የቆሻሻ ክምሮች ተንደው ሰው ፈጅተዋል።

የነገሩ መነሻ ተማሪዎች በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከሚያውቁት የተዳፋት ሰሌዳ አይለይም። በተዳፋት ላይ የተቀመጠን ዕቃ ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ ሰበቃ ደግሞ ይይዘዋል። በቆሻሻ ክምር ውስጥም ቁርጥራጮቹ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ሰበቃና መያያዝ ክምሩን ያቆመዋል። ከላይ አዲስ ቆሻሻ ሲጨመር ክብደቱ ያድጋል፤ የጎኑ ተዳፋት ቀጥ እያለ ሲሄድ ወደ ታች የሚስበው ኃይል ይበረታል። ውኃ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ደግሞ በቁርጥራጮቹ መካከል ግፊት ፈጥሮ እርስ በርሳቸው የሚጫኑበትን ኃይል ይቀንሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ሰበቃው ይዳከማል። በፓያታስ፣ በሌዊጋጃና በኪቴዚ ከአደጋው በፊት ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። የረጲው አደጋ የደረሰው ግን ዋናው ክረምት ከመግባቱ ከወራት በፊት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄውን ለዝናብ ወራት ብቻ መተው አይቻልም፤ ክትትሉ ዓመቱን ሙሉ መሆን አለበት።

የጂኦቴክኒክ መሐንዲስና የቅየሳ ባለሙያ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። በክምሩ ላይ ምልክቶችን ተክሎ በቶታል ስቴሽን በየጊዜው መለካት፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የውስጡን የውኃ ከፍታ መመዝገብ፣ ተዳፋቱ ምን ያህል ቀጥ ማለት እንደሚችል አስልቶ ገደብ ማበጀት የሥራው ዋና ዋና ክፍሎች ናቸው። ምልክቶቹ ከወትሮው ፈጥነው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ሰዎችን ከሥሩ ለማንሳት ጊዜ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያዎቹ ውድና ረቂቅ አይደሉም፤ የሚያስፈልገው ሳይሰለች የሚለካ፣ የለካውንም ለሚመለከተው በጊዜ የሚያሳውቅ ባለሙያ ነው።

ጋዝና ፍሳሽ

ምግብ ነክ ቆሻሻ አየር በማይደርስበት ስፍራ ሲበሰብስ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ከዚህ ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሚቴን ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በቀላሉ ይፈነዳል። በ100 ዓመት ስሌት ምድርን በማሞቅ ረገድም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በ28 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከክምሩ ሥር የሚንጠባጠበው ጥቁር ፍሳሽ ደግሞ ወደ ከርሰ ምድር ውኃና ወደ ወንዞች የመግባት ዕድል አለው።

ከአደጋው በኋላ በረጲ የተሞከረው መፍትሔ «የፉኩኦካ ዘዴ» ይባላል። ዘዴው በጃፓን የፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲና ከተማ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት ሲሆን በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ድጋፍ ወደ አዲስ አበባ መጥቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች በድንጋይ ተከበው ከክምሩ ሥር ይዘረጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ወደ ላይ ይቆማሉ። ፍሳሹ በታችኞቹ ቧንቧዎች ሲወጣ በዚያው መንገድ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በመበስበስ የተፈጠረው ሙቀት በቋሚዎቹ ቧንቧዎች ሽቅብ ሲወጣ ንጹሑን አየር ከታች ይስበዋል። ኦክስጅን በመኖሩ የሚቴኑ መጠን ይቀንሳል፤ የፍሳሹም ብክለት ይቃለላል፤ ውኃው ስለሚወጣ ክምሩ ይረጋጋል። የውኃና የአካባቢ መሐንዲስ፣ የኬሚካል መሐንዲስ፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ምሩቅ በአንድ ቡድን የሚሠሩት እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ

ከክምሩ አጠገብ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነው። በዕቅዱ መሠረት በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ይቀበላል፤ በአማካይም 25 ሜጋዋት ያህል ያመነጫል። በእሳቱ ሙቀት ቦይለር ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን ያዞራል።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። 25 ሜጋዋት ለ24 ሰዓት ሲመነጭ 600 ሜጋዋት ሰዓት ይሆናል። ይህን ለ1,400 ቶን ብናካፍለው ከአንድ ቶን ቆሻሻ ወደ 430 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሌላ አነጋገር ከአንድ ኪሎግራም ወደ 1.5 ሜጋጁል ኤሌክትሪክ ይገኛል። ይህን መሰል ማመንጫ ከሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ነው ብንል ከእያንዳንዱ ኪሎግራም ቆሻሻ ከ6 ሜጋጁል በላይ ሙቀት መገኘት አለበት ማለት ነው። የዓለም ባንክ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቴክኒክ መመሪያም የቆሻሻው የሙቀት ይዘት በዓመት በአማካይ ቢያንስ 7 ሜጋጁል በኪሎግራም እንዲሆን፣ በየትኛውም ወቅት ከ6 እንዳይወርድ ይመክራል።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአብዛኛው የወጥ ቤት ተረፈ ምርትና አትክልት ነው፤ ውኃ ይበዛበታል። ከአንድ ኪሎግራም ቆሻሻ ግማሹ ውኃ ቢሆን ውኃውን ለማትነን ብቻ ከ1.2 ሜጋጁል በላይ ይባክናል። በክረምት ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። በአንጻሩ ፕላስቲክና ወረቀት ከፍተኛ ሙቀት ይሰጣሉ፤ አንድ ኪሎግራም የፌስታል ፕላስቲክ ከ40 ሜጋጁል በላይ ይይዛል። ነገር ግን ለቃሚዎች ለኑሯቸው የሚሰበስቡት፣ ቆራሌውም የሚገዛው በከፊል ይህንኑ ነው። ስለዚህ ምን ይቃጠል፣ ምን ተመልሶ ጥቅም ላይ ይዋል፣ የለቃሚው እንጀራስ እንዴት ይሁን የሚለው ጥያቄ በኬሚስትሪ ብቻ አይፈታም። የኢንዱስትሪ መሐንዲሱ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያውና የከተማ ፕላን አውጪው አብረው ሊመክሩበት ይገባል።

ማመንጫው ከተመረቀ በኋላ ሥራው የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀውና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ካለው ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጋር ሲነጻጸር የረጲ ድርሻ ትንሽ ነው። ጥቅሙ መመዘን ያለበት በሚያመነጨው ኃይል ብቻ ሳይሆን ከክምሩ ላይ በሚቀንሰው ቆሻሻም ጭምር ነው። ለዚህም ቦይለሩን የሚጠግን ሜካኒካል መሐንዲስ፣ የቁጥጥር ሥርዓቱንና ትራንስፎርመሩን የሚያውቅ ኤሌክትሪካል መሐንዲስ፣ የጭሱን ንጽሕና የሚለካ ኬሚስት፣ የሚተርፈውን አመድ ለግንባታ ይሆን እንደሆነ የሚመረምር ሲቪል መሐንዲስ ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

ተማሪው ምን ይዘጋጅ?

ከላይ ከተዘረዘረው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የረጲ ታሪክ መሐንዲስ የሚጎድለው ግንባታ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ከምረቃው ሪባን በኋላ ባሉት ዓመታት የሚለካ፣ የሚጠግን፣ የሚመዘግብና የሚያስጠነቅቅ ባለሙያ እጥፍ ያስፈልጋል። በየትምህርት ክፍሉ ግን የብዙ ተማሪ ምኞት ሕንፃ መንደፍ ነው፤ የጥገናና የክትትል ሥራ ዝቅ ተደርጎ ይታያል። የቆሻሻ ሥራማ ስሙ ብቻ ብዙዎችን ያርቃል። ተወዳዳሪው የሚያንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ መስክ ሊቀጥሩ የሚችሉት የመንግሥት ተቋማት በቅርብ የሚታወቁ ናቸው። የከተማዋ የጽዳት አስተዳደር፣ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሁም አማካሪ ድርጅቶች ይገኙበታል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከአሁኑ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪን አጥብቆ ይያዝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ለኢንተርንሺፕ ሲወጣ ለሪፖርት ያህል ብቻ ፊርማ አስፈርሞ ከመመለስ ይልቅ አንድ እውነተኛ ልኬት ይዞ ይመለስ። ለመመረቂያ ጽሑፉ ከሌላ አገር የተቀዳ ችግር ከመምረጥ የአንድን ወረዳ ቆሻሻ በዓይነትና በእርጥበት ለይቶ ቢመዝን፣ የሙቀት ይዘቱንም ቢያሰላ፣ ውጤቱ በዚህ መስክ ለሚሠራ ድርጅት ሁሉ ይጠቅማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ዕውቀትን ይመዝናል፤ ቀጣሪ ግን ከዚህም አልፎ ዕጩው በእጁ የሠራውን ይጠይቃል።

እንዲህ ባለ ስፍራ የሚሠራ መሐንዲስ ሽታውን፣ አቧራውንና የሰውን አስተያየት መቻል ይኖርበታል። የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና ቦት ጫማ የሥራው አካል ናቸው፤ ክትባትም ሊዘነጋ አይገባም። ክምሩ በየዕለቱ በአንድ ሳንቲሜትር ቢንቀሳቀስ ማን ያውቃል? ካወቀስ ለማን ይነግራል? በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ምሽት በክምሩ ሥር ለነበሩት ቤተሰቦች የዚህ ጥያቄ መልስ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ዛሬ በክፍል ውስጥ የተዳፋት ሰሌዳን ስሌት የሚሠራው ተማሪ ነገ ይህን የመመለስ ኃላፊነት ሊወድቅበት ይችላልና ትምህርቱን በዚህ ዓይን ይመልከተው።