ከቀጭን ሳጥን ወፍራም ድምፅ እንዴት ይወጣል?

ቁመቱ አንድ ሜትር የሚደርስ፣ ፊቱ ግን ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይሰፋ የቤት ስፒከር አይታችሁ ይሆናል። የተደረደሩበት ዉፈሮች፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጡት ክብ ድምፅ ማውጫዎች፣ 5 ወይም 6.5 ኢንች ብቻ ናቸው። ቤዝ ጊታሩ ሲገባ ግን የተቀመጣችሁበት ሶፋ ይነዝራል። ይህ ቀጭን ዕቃ ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣው?

ነገሩ የአየር ጉዳይ ነው። ቤዝ ማለት ብዙ አየር በዝግታ መግፋትና መሳብ ነው። አንድ ዉፈር የሚገፋው የአየር መጠን ደግሞ የኮኑ (የሚርገበገበው ፊቱ) ስፋት ወደፊትና ወደኋላ በሚሄድበት ርቀት ሲባዛ የሚገኝ ነው። የ6.5 ኢንች ዉፈር ኮን 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ዲያሜትር፣ 133 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የ12 ኢንቹ ዲያሜትር 26 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አራት ትንንሽ ዉፈሮች እኩል ርቀት እስከሄዱ ድረስ የአንድ ትልቅ ዉፈርን አየር ይገፋሉ። ቁመት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ረጅሙ ሳጥን ብዙ ሊትር አየር ስለሚይዝም ኮኑ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል።

ከባዱ ነገር አሁን ይመጣል። የድምፁን ኃይል ሳትቀንሱ ፍሪኩዌንሲውን በግማሽ ዝቅ ብታደርጉት ኮኑ አራት እጥፍ ርቀት መሄድ አለበት። በ80 ኸርዝ 1 ሚሊ ሜትር የበቃው ዉፈር በ40 ኸርዝ 4፣ በ20 ኸርዝ 16 ሚሊ ሜትር ይጠየቃል! የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ነው፤ የፒያኖ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ 27.5። ትንሽ ዉፈር ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ ከማግኔቱ ኃይል ይወጣና ድምፁ ይበላሻል።

እዚህ ላይ የሳጥኑ ቀዳዳ ይደርስለታል። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ስትሉ የሚወጣውን ወፍራም ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ የአንገቱ አየር በሆዱ ውስጥ ባለው አየር ላይ እየተመላለሰ ሲርገበገብ ነው። ከቀዳዳው ወደ ውስጥ የሚገባው የስፒከሩ ቱቦም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የቤል ላብራቶሪው አልበርት ቱራስ እ.ኤ.አ. በ1932 ፓተንት ያገኘበት ሐሳብ ነው። ቱቦው በ40 ኸርዝ ከተቃኘ፣ በዚያ ድምፅ ላይ ኮኑ ቆሟል እስኪያሰኝ ይረጋጋል፤ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው ቱቦው ነው። እጃችሁን ብታስጠጉ ነፋሱ ይነካችኋል። ይህ ሁሉ ግን በነጻ አልተገኘም። ከ40 በታች ኮኑ የሚይዘው ያጣል፣ ድምፁም በየኦክታቩ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ 24 ዴሲቤል እየወደቀ ይጠፋል። ቀዳዳ የሌለው ሳጥን የሚወድቀው በ12 ነው።

ኬኤልኤች የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ አንቶን ሆፍማን ይህን ሁሉ በአንድ ሕግ አሰረው፤ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ኃይል ከፍ ያለ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ምረጡ። የቀጫጭኖቹ ስፒከሮች ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠዉት ሦስተኛውን ነው፤ ስለዚህ ጠንካራ አምፕሊፋየር ይፈልጋሉ።

ጆሯችንም ያግዛቸዋል። መሠረቱ ድምፅ ቢደክም እንኳ ከእሱ በላይ ያሉት ተከታይ ንዝረቶች ከተሰሙ አእምሯችን የጎደለውን ይሞላል። በገና ይህን ውብ አድርጎ ያሳያል፤ አውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ፣ እንዝራው፣ ላይኛዎቹን ንዝረቶች ስለሚያበዛቸው የበገና ድምፅ በስልክ ስፒከር እንኳ ወፍራምነቱ ፈጽሞ አይጠፋም። ይሁንና አእምሮ የሞላው ቤዝ ደረትን አይመታም፤ ለዚያ እውነተኛ አየር ያስፈልጋል።

«ትንሽ ዉፈር ፈጣን ነው» የሚሉ ሻጮችን አትስሟቸው። 40 ኸርዝ ከየትኛውም ኮን ቢወጣ 40 ኸርዝ ነው፤ የከበሮን ምት ስል የሚያደርጉት ላይኛዎቹ ድምፆች ናቸው። የትንሹ ኮን እውነተኛ ብልጫ ሌላ ነው። የድምፁ ሞገድ ከኮኑ ዲያሜትር ሲያጥር ድምፁ ወደፊት ብቻ ይጠባል፤ ይህ በ26 ሴንቲ ሜትር ኮን ከ1,300 ኸርዝ ግድም፣ በ13 ሴንቲ ሜትሩ ከ2,600 ግድም ይጀምራል። የዘፋኙ ድምፅ ከሶፋው ዳር ለተቀመጠውም ሰው እኩል የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ ብቻ አትሞክሩት፤ ቤዝ የሞላበት ሙዚቃ ቤታችሁ እንደምታደምጡት ያህል ከፍ አድርጉና ኮኑንም ቀዳዳውንም አዳምጡ። ሲንተፋተፍ ወይም ቱቦው ፉ ፉ ሲል ከሰማችሁ ወሰኑ ያ ነው። ቤት ስታደርሱት ደግሞ ከኋላው ያለው ግድግዳ ቤዙን በጣም ዝቅ ባለው ክልል እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምርለት ስለሚችል፣ ግማሽ ሜትር ወደፊትና ወደኋላ እያደረጋችሁ ሞክሩት።