የጋዜጠኞች ካሜራ አምራች የነበረው ግራፍሌክስ ከገበያ የወጣበት ምክንያት

ለአስርት ዓመታት የአሜሪካ የፎቶ ጋዜጠኞች መለያ ሆኖ የቆየው ስፒድ ግራፊክ ካሜራ ምርቱ የተቋረጠው እ.ኤ.አ በ1973 ነው። አምራቹ ግራፍሌክስ ኩባንያ በኒውዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ ይገኝ የነበረ ሲሆን፣ መነሻው በ1887 የተቋቋመ የጋዝ መብራትና የብስክሌት ሥራ ድርጅት ነበር። ድርጅቱን በ1905 የኮዳክ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን ገዛው። በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ምክንያት በ1926 እስኪለያይ ድረስም በኮዳክ ሥር ቆይቷል።

እ.ኤ.አ ከ1912 ጀምሮ የተመረተው ስፒድ ግራፊክ በይበልጥ የታወቀው 4 በ5 ኢንች በሆነ ነጠላ ፊልም በሚሠራው ሞዴሉ ነው። ፎቶ አንሺው ለእያንዳንዱ ምስል የፊልሙን መከለያ መሳብና መዝጊያውን መወጠር፣ ካነሳ በኋላም መከለያውን መልሶ የፊልም መያዣውን መገልበጥና የተቃጠለውን የፍላሽ አምፖል መለወጥ ነበረበት። በመሆኑም በፍጥነት በሚያልፍ ክስተት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። ጆ ሮዘንታል በ1945 በኢዎ ጂማ ደሴት የአሜሪካ ወታደሮች ባንዲራ ሲሰቅሉ ያነሳውና የፑሊትዘር ሽልማት ያስገኘለት ፎቶግራፍ የተነሳው በዚሁ ካሜራ ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ተገቢ ያደርገው የነበረው የፊልሙ ስፋት ነው። ከትልቅ ፊልም የሚገኘው ምስል የተፈለገው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ቢታተም እንኳ ጥራቱን ይጠብቃል። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ግን ሲጎላ ይሻክር ነበር። ልዩነቱ እየጠበበ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ኮዳክ በ1954 ትራይ ኤክስ የተባለውን፣ በአነስተኛ ብርሃን የሚሠራ ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር መጠን ለገበያ አቀረበ። በ1959 የጃፓኑ ኒኮን ኤፍ ካሜራ ተከተለ። በአንድ ጥቅል 36 ምስል የሚያነሳ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካሜራ ያገኘ ጋዜጠኛ ከባዱን ሣጥን ተሸክሞ የሚዞርበት ምክንያት አልነበረውም። እንዲያውም የ1954ቱን የፑሊትዘር የፎቶግራፍ ሽልማት ያሸነፈችው በርካሹ የኮዳክ ብራውኒ ካሜራ ያነሳች አማተር ናት።

ግራፍሌክስ አደጋውን አላየም ማለት አይቻልም። ግራፊክ 35 የተባለ አነስተኛ ካሜራ አምርቶ የነበረ ቢሆንም ምርቱ ለአማተሮች የታሰበ በመሆኑ ባለሙያዎቹን ሊመልስ አልቻለም። ኩባንያው ለትምህርት ቤቶች የሚያቀርባቸው የፊልም ማሳያ መሣሪያዎችም ነበሩት። በዚህ መካከል በ1956 በጄኔራል ፕሪሲዥን፣ በ1968 ደግሞ በልብስ ስፌት መኪና አምራችነቱ በሚታወቀው ሲንገር እጅ ገባ። ለአዲሱ ባለቤት የጋዜጠኞች ካሜራ ከብዙ ሥራዎቹ አንዱና አነስተኛው ነበር።

ምርቱ ሲቆም የሱፐር ግራፊክ ሞዴል ማምረቻ መሣሪያዎች ለጃፓኑ ቶዮ ኩባንያ ተሸጡ። የግራፍሌክስ ፍላሽ የብረት እጀታ ደግሞ በ1977 ለዕይታ በበቃው ስታር ዋርስ ፊልም ውስጥ የብርሃን ሰይፍ መያዣ ሆኖ አገልግሏል።