የሚፈላ ውሃ በአስኮ 100 ዲግሪ አይደለም፦ የዳሽቦርድ ጌጆችን ስለ መረዳትና ስለ ማስተካከል

በዳሽቦርድ ላይ የተደረደሩት ጌጆች፣ ማለትም ሙቀትን፣ ነዳጅንና ፍጥነትን በቀስት የሚያመለክቱት መሣሪያዎች፣ ሞተሩንም ሆነ ታንከሩን በቀጥታ አያዩም፤ የሚደርሳቸው ከዚያ የሚላክ ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ከአስኮ በዊንጌት በኩል ወደ መርካቶ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር «ቀስቱ መሃል ላይ ነው» ሲል፣ የተናገረው ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ምልክቱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለኪሳራ የሚዳርገው የሙቀት ጌጅ ነው። ሴንሰሩ፣ ይኸውም ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ውሃ ውስጥ የሚነከረው ትንሽ መሣሪያ፣ ውሃው በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክን የበለጠ ስለሚያሳልፍ ቀስቱ ከፍ ይላል። በዚህም ምክንያት ሽቦው ሲበጠስ ቀስቱ ቀዝቃዛው ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ሽቦው ተልጦ የሞተሩን ብረት ሲነካ ደግሞ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ቀስቱ ቀዩ ላይ ይደርሳል። የነዳጁና የሙቀቱ ቀስት አንድ ላይ ከተሳሳቱ፣ ሁለት ሴንሰር ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ሁለቱ የሚጋሩትን የኤሌክትሪክ መስመርና ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበትን ግንኙነት፣ ማየት ይረክሳል።

ጌጅን ማስተካከል ማለት ቀስቱ የሚያሳየውን በሌላ መንገድ ከታወቀ መጠን ጋር ማመሳከር ነው። ለዚህም ሴንሰሩ ተፈትቶ፣ ሽቦው እንደተያያዘና አካሉ በሌላ ሽቦ ከማሳ ጋር እንደተገናኘ፣ በሚሞቅ ድስት ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ቁልፉ ተከፍቶም ቀስቱ የሚቆምበት ቦታ ይመዘገባል። ስህተቱ የሚገባው ውሃው ሲፈላ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ሲሆን፣ አስኮ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃውም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ያለ ቴርሞሜትር የፈላውን ውሃ 100 ብሎ ምልክት የሚያደርግ መካኒክ ደህናውን ሞተር «ሞቀ» ይለዋል፤ ይባስ ብሎም ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘውን ቴርሞስታት ይነቅላል፤ ሞተሩም ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ እየሠራ ነዳጅ ይበላል። ይህ ልማድ ከማንኛውም የተበላሸ ጌጅ የከፋ ነው።

ከፍታው በራዲያተሩ ክዳን ላይም ዋጋ ያስከፍላል። ክዳኑ በውስጥ ያለውን ግፊት ከውጭው አየር በላይ አድርጎ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪሆን ሳይፈላ ይቆያል፤ የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ግን የሚፈላበት ሙቀት ወደ 92 ዲግሪ ይመለሳል፣ ይህም ብዙ ቴርሞስታቶች ከሚከፈቱበት 82 ዲግሪ የሚርቀው በ10 ብቻ ነው። ውሃው ካለቀ ደግሞ ሴንሰሩ እንፋሎት ውስጥ ስለሚቀር ቀስቱ ሊወርድ ይችላል፤ ዳገት ላይ በድንገት የወረደ ቀስት የሚያስደስት ሳይሆን መኪናውን የሚያስቆም ምልክት ነው።

የነዳጁ ጌጅ በታንከሩ ውስጥ በሚንሳፈፍ ኳስ መሰል ነገር ስለሚሠራ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ይዋሻል፤ የታንከሩ ቅርጽ እኩል ስላልሆነም ግማሽ የሚለው ምልክት ሁልጊዜ ግማሽ አይደለም፤ መፍትሔው በሜዳ ላይ የተለካ 5 ሊትር በየጊዜው እየጨመሩ ምልክት ማድረግ ነው። የፍጥነቱ ጌጅ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ስለሆነ፣ ዙሪያው በመቶ 5 የሚበልጥ ጎማ ሲገጠም 60 የሚያሳየው ቀስት በእውነቱ 63 ነው፤ ይህም በስልክ ጂፒኤስ ይመሳከራል።

ይህን ሁሉ የሚሞክር ሰው ሞተሩ ፈጽሞ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አይንካ።