በእሳት ውስጥ የማይቀልጥ ክንፍ

ጄት አውሮፕላን ሲነሣ ያየ ሰው የሚደነቀው በድምፁና በፍጥነቱ ነው። ዳሩ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው ነው። ተርባይን የሚባለውን መንኰራኵር የሚያዞረው ጋዝ በዘመናዊ ሞተር ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። የመንኰራኵሩ ክንፎች የተሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ደግሞ 1350 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ታዲያ ክንፉ እንዴት ሳይቀልጥ ይኖራል?

እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል የመጀመሪያ ሞተሩን በ1937 እ.ኤ.አ. ከሞከረ ጀምሮ መሐንዲሶችን ያስጨነቀው ይህ ነው። ብረቱ ባይቀልጥ እንኳ፣ በሙቀቱና በዙረቱ ኃይል ተወጥሮ ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ በመጨረሻም ይበጠሳል።

የተገኘው ዘዴ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ፣ የክንፉ ውስጥ ባዶ ሆኖ ከመጭመቂያው የተቀነሰ አየር ይተላለፍበታል። ይህ «ማቀዝቀዣ» አየር ራሱ 600 ዲግሪ ያህል የጋለ ነው፤ ሆኖም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ ክንፉን እንደ ነጠላ ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ ክንፉ ሙቀት በቀላሉ በማያሳልፍ የዚርኮንያ ሴራሚክ ይለበጣል። ሦስተኛ፣ ተራ ብረት የብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስብስብ ስለ ሆነና በመጋጠሚያቸው ስለሚላላ፣ ክንፉ በሙሉ እንደ አንድ ክሪስታል ሆኖ ይቀረጻል።

ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ክንፉ የሚገባው በየትኛው በኩል፣ በምን ያህል ፍጥነት ነው? በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራበት ብልሃት እነሆ፦ እሳት ማንደድ ሳያስፈልግ፣ በመጠኑ የሞቀ አየር ከአንድ ሰኮንድ ላነሰ ጊዜ በክንፉ አምሳያ ላይ ይለቀቃል። የጋዙና የብረቱ የሙቀት ምጥጥን እንደ እውነተኛው ሞተር እስከ ተጠበቀ ድረስ፣ የተገኘው ውጤት ለሞተሩም ይሠራል። በአምሳያው ላይ የተቀባው ስስ ፕላቲኒየም ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው ስለሚለወጥ፣ ተመራማሪዎቹ ከዚያ ተነሥተው የሙቀቱን አገባብ ያሰላሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይሆን? የክንፉ ሙቀት ሲሰላ 30 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳቱ የክንፉ ዕድሜ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ስሕተት ፈርተው አየሩን ቢያበዙት ደግሞ ለጉልበት ሊውል የሚገባው አየር በከንቱ ስለሚባክን ነዳጅ ይበላል። የተሳፋሪው ደኅንነትና የጉዞው ወጪ የሚመዘኑት፣ ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ በሚለካው በዚያ ጥቂት ዲግሪ ነው።